ሰኞ ሰኞ የፈታሁት ቋጠሮ

አንድም መጽሐፍ ጠፍቶባት የማታውቅ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ። ይህንንም አሶሳ ላይ በተደረገ የመምህራን ስብሰባ ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አንዱ ከኋላ አጨበጨበልኝ፤ እኔም ሻሼን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ትምህርት ቤታችን ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። አብዛኞቹ ተማሪዎች የበርታ ልጆች ናቸው፤ አማርኛን የሚለምዱት እኛ ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼን በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሯቸው ከስም ይልቅ በቁጥር በሚጠራ መንደር ውስጥ ነበር። እዚያ ተወለድኩ፣ አሶሳ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። በርታኛዬ ሰላምታ ለመለዋወጥና ማንጎ ለመግዛት ይበቃል፤ ለመጣላት ግን አይበቃም። ባሌ እንኳንም አልበቃሽ ይለኛል።

መጽሐፎቹ የመጡት የካቲት ላይ፣ በአንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። የአማርኛ ተረቶች፣ ጥቂት በበርታኛ የተጻፉ፣ ስለ እንስሳትና ስለ ከዋክብት የሚያወሩ፤ ሁሉም ባለ ሥዕል፣ ሁሉም አዲስ። እኔ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ በእጄ የያዝኩት ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው፤ እሱንም አራት ሆነን ተደራርበን ነበር የምናነበው። ስለዚህ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ስሰድ ደስታ ብቻ አልነበረም የተሰማኝ። በተማሪዎቼ ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል።

የዘር ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ጠርገን ቤተ መጻሕፍት አደረግናት። ወላጆች ቀርከሃ ቆርጠው መደርደሪያ ሠሩልን። እዚህ አገር የእንጨትም የወረቀትም ጠላት ምስጥ ስለሆነ፣ የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ የመኪና ዘይት በሞላባቸው የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ አቆምናቸው። ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም። ልጆች ወስደው ቤታቸው እንዲያነቡ ነበር የታሰበው።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ነገረኝ። ሁለተኛ ሳጥን አለ፤ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ የሚወሰነው ሱፐርቫይዘሩ ሰኔ ላይ መጥቶ የመጽሐፎቹን አያያዝ ካየ በኋላ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲያ እንቅልፌ ቀለለ። እኔ ድሮም ጥብቅ ነኝ፤ ጠመኔ እንኳን ለመምህራን ቆጥሬ ነው የምሰጠው። የሁለተኛው ሳጥን ነገር ሲጨመርበት ግን ጥብቅነቴ ወሰን አጣ።

መጀመሪያ የወላጆች ስብሰባ አስጠራሁ። የሚያስተረጉሙልኝ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነበሩ፤ በርታኛም አረብኛም አማርኛም የሚያቀላጥፉ ሽማግሌ። ማንጎው ጥላ ሥር ቆሜ ረጅም ንግግር አደረግኩ። እነዚህ መጽሐፎች የእናንተም የእኔም አይደሉም፣ አደራ ናቸው፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ አልኩ። ጥበቃው ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አጠር አድርገው ተረጎሙት፤ ከመሃሉ የለየሁት አደራን ለማለት «አማና» ያሉትን ብቻ ነው። ቃሉ ሲነገር ሲያወሩ የነበሩት ዝም አሉ። አማና እዚህ እንደ ዋዛ የሚነገር አይደለም፤ በፈጣሪ ፊት የሚጠየቁበት ነው። አንድ አባት እጃቸውን አንስተው ቤት ቢቃጠልስ ብለው ጠየቁ። እንደዚያ ከሆነ አትጠየቁም አልኳቸው። ሰዉ ከልቡ እንደያዘው ሳይ ደስ አለኝ፤ ይኸው ጨረስኩት ብዬ ገባሁ።

ቀጥሎ ሥርዓቱን አወጣሁ። መጽሐፍ የሚወጣው ረቡዕ ከመጨረሻው ደወል በኋላ፣ የሚመለሰው ሰኞ ጠዋት። እያንዳንዱን መጽሐፍ በፌስታል እጠቀልላለሁ፣ በሲባጎ አስራለሁ። ቋጠሮው እናቴ ጤፍ የያዘ ከረጢት የምታስርበት ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍ፣ ሰው ከነካው የሚያስታውቅ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መፍታት ክልክል ነው፤ አቧራ አለ። እረፍት ላይ መፍታት ክልክል ነው፤ ቁርስ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሶሳ ላይ ተናግሬዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ልጆቹ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ያስረክባሉ፤ እኔ እፈታለሁ፣ ገጹን አገላብጣለሁ፣ መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብዬ እጽፋለሁ። ቅዳሜና እሑድ የዘነበ ቢዘንብ አንድ ጠብታ የነካው የለም። የሳይንስ መምህሩ መጽሐፎችሽ ከሙሽራ በላይ ተጠብቀዋል እያለ ያሾፍብኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የያዝኩት ወረቀት መዝገቡ ነበር፤ ማታ ማታ ቤት ወስጄ አየው ነበር።

አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ደብተሯን በጀርባዋ በጨርቅ አዝላ የምትመጣ። መጀመሪያ የወሰደችው የአህያዋን መጽሐፍ ነው። ታሪኩ አንዲት አህያ ጭነት ሰልችቷት፣ አህያ ምንም የማይሸከምበት ገበያ አለ ሲባል ሰምታ፣ እሱን ፍለጋ ስለመውጣቷ ነው። ልጅቷ ሰኞ መለሰችው፣ ረቡዕ እንደገና ወሰደችው። ሰኞ መለሰች፣ ረቡዕ ወሰደች። አምስት ጊዜ። በስድስተኛው እምቢ አልኳት። መጽሐፉ የሌሎች ልጆችም መሆኑን፣ ሥዕል ለማየት ብቻ መውሰድ ጥሩ እንዳልሆነ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። የሰጠኋትን የኮከቦች መጽሐፍ ተቀብላ ሄደች። የአህያዋንም መጽሐፍ ከኋላዋ ለቆመው ልጅ ሰጠሁት፤ ፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። ማክሰኞም የለችም። መዝገቡ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ባዶ ቦታ ታየ። እውነቱን ልናገር፤ ረቡዕ የዕለቱን መጽሐፍ አስረክቤ ስጨርስ ወደ ቤቷ የሄድኩት ለልጅቷ ብዬ አይደለም። ለመጽሐፉ ነው የሄድኩት።

መንገዱ ከትምህርት ቤቱ ተነስቶ ማሽላ እርሻ ዳር ለዳር ይሄድና ወደ አንድ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙን እንደተሻገሩ መንደሩ ነው። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያነሰ ተጉዤ ደረስኩ። ሚያዝያ ስለሆነ ማንጎው እየበሰለ በየደጃፉ ይወድቃል፤ ፍየሎች እንኳን ጠግበው ዘወር ብለው አያዩትም። የቀርከሃው ቤት በር ላይ አያቷ ተቀምጠው ባሚያ ይከትፋሉ። የልጅቷ እናትና አባት መንጌ በኩል ወርቅ ለማጠብ ሄደዋል፤ በጋ በጋ የሚሄዱበት ነው። ሴትዮዋ አማርኛን የተማሩት ገበያ ነው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም «አንተ»፣ የልጃቸውን ልጅም «እሱ» ነው የሚሉት።

«አንተ አስተማሪ ነህ? ግባ። ልጁ ወባ ይዞታል።»

ልጅቷ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። መድኃኒት ጀምራለች፣ ትኩሳቱ እየቀነሰ ነው። ግንባሯን ዳስሼ፣ ደህና መሆኗን ሰምቼ፣ ሳላፍር መጽሐፉን ጠየቅኩ። አያቷ ይህን ይጠብቁ እንደነበር ሁሉ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በርጩማ ላይ ወጥተው ከቆጡ ላይ አንድ ጥቅል አወረዱ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ሲፈቱት ውስጡ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ላይ ሲባጎው፣ ሲባጎው ላይ ቋጠሮው።

«ይኸው። ማንም አልነካም። እኔ አልነካም፣ ልጁ አልነካም፣ አይጥ አልነካም።»

ቋጠሮውን አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር ያለፈ። የእኔ ነው፤ ረቡዕ እንዳሰርኩት ነው። መጀመሪያ ልጅቷ ታማ ስለሆነ ነው አልኩ በልቤ። አያቷ ግን በኩራት ቀጠሉ። በመንደሩ ሁሉም እንደዚህ ነው። ጎረቤታቸው ልጇ ያመጣውን ሳንዱቅ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ጎታ ላይ ይሰቅሉታል። አንዱ ልጅ ሊፈታ ሲል አባቱ ደርሶ ገርፎታል። እዚህ መንደር አማና የሚነካ ሰው እንደሌለ ሄደህ ለአለቃህ ንገረው አሉኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ ሰኞ በር ላይ ቆሜ እየፈታሁ የምደሰትበት ቋጠሮ ትዝ አለኝ። የራሴን ቋጠሮ ነበር የምፈታው። ሁለት ወር ሙሉ እኔ አስሬ፣ ልጆቹ ተሸክመው፣ ወላጆች ጠብቀው፣ እኔው ፈትቼ፣ አንድ ሰው አላነበበም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል እንዲህ ቃል በቃል የሚደርስበት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በሰዎቹ መፍረድ ደግሞ አልችልም፤ ከእኛም ቤት ያው ነው። ደርግ ሲወድቅ ወደ ወሎ የተመለሰች ጎረቤታችን አንድ ጥቅል ዕቃ እናቴ ዘንድ አስቀምጣ ሄደች። ዓመታት አለፉ። ከጥቅሉ ሥር ምስጥ መግባቱን አፈሩን አይተን አወቅን። አባቴ ፈተን እናራግፈው ቢላት እናቴ እጇን አስቀምጣበት እምቢ አለች። የሴትዮዋ ልጅ መጥቶ ሲፈታው ብርድ ልብስ የነበረው ዱቄት ሆኗል። እናቴ ምንም አልደነገጠችም። «ምስጥ በላው እንጂ እኛ አልበላነውም» ብላ ቡና አቀረበችለት። ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ እያወራሁ የሳቅኩ እኔ፣ መጽሐፉን ያው እናቴ ባሰረችበት ቋጠሮ አስሬ አደራ ብዬ ላክሁ። ከዚህ ወዲያ ማን ይወቀሳል?

ከዚያ ስለ ልጅቷ ገባኝ። አምስት ጊዜ አንድ መጽሐፍ የወሰደችው ቆጥ ላይ ለማስቀመጥ አይደለም። ጠጋ ብዬ የአህያዋን መጽሐፍ አንብበሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አያቷን አየች፣ እኔን አየች። እንደማልቆጣት ማልኩላት።

«መንገድ ላይ ነው የማነበው» አለች በቀስታ። «ረቡዕ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ እስከ ወንዙ። ወንዙ ጋ መልሼ አስረዋለሁ። ሰኞ ደግሞ ከወንዙ እስከ አጥሩ።»

ቋጠሮውን ስታስር ሰኞ እንዳላውቅባት፣ እኔ ሳስር ከሰልፉ ላይ ሆና አይታ ተምራዋለች። አማርኛው ስለሚከብዳት፣ እየሄዱ ማንበብም ስለሚያደናቅፍ፣ በአንድ ጉዞ ሦስት ቅጠል አትጨርስም። ስንት ቀረሽ አልኳት።

«ሁለት ቅጠል።»

«አህያዋ ገበያው ደርሳለች?»

«ከሩቅ እያየችው ነው።»

እና እዚያ ላይ ነው እምቢ ያልኳት። አፈርኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ሥዕል ለማየት ብቻ ያልኳትን አስታውሼ ምላሴን ብቆርጠው ወደድኩ።

አያቷ ግን ሰምተዋል። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ልጅቷን በበርታኛ ተናገሯት፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ እሷ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ማልቀስ ጀመረች። ገባሁ በመሃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጽሐፉ እንዲነበብ ነው የተሰጠው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የተከራከርነውን አሁንም በደንብ አስታውሳለሁ። እሳቸው አልገባቸው ብሎ አይደለም፤ እኔ ነኝ አንድ ነገር ብዬ ሌላ የፈለግኩት።

«አንተ አማና ብለሃል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አማና ይነካል?»

«አይነካም፣ እናቴ።»

«ዶማ ካንተ ብዋስ፣ ቆጥ ላይ አስቀምጬ ብመልስ ትስቃለህ። ዶማ ሥራ አለው። ይሄ ዶማ ከሆነ፣ ለምን ዶማ ነው አላልክም?»

አደራና ውሰት የተለያዩ መሆናቸውን ማንም ሰው ያውቃል። አደራ ይቀመጣል፤ የተዋሱት ነገር ይሠራበታል፣ ታጥቦ ይመለሳል። አስተማሪዋ ብቻ ናት የጠፋባት። ዶማ ነው አልኳቸው። እርግጠኛ ነህ ብለው ጠየቁኝ። ነኝ አልኩ። ጥቂት አሰቡና ከሆነ እኔ ፊት ያንብብ፣ ምን እንደሚያደርገው ልይ አሉ።

በማግስቱ ስብሰባ አስጠራሁ። በዚያው ማንጎ ሥር ቆሜ መጽሐፎቹ አደራ አይደሉም፣ ተሳስቼ ነው፣ ውሰት ናቸው፣ እንደ ዶማ ይሠራባቸው አልኩ። ጥበቃው ከመተርጎማቸው በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንዲህ ካልኩላቸው መጽሐፍ ይቆሽሻል፣ ልበል ወይስ ልተው አሉኝ። በሉ አልኳቸው። ሲናገሩ ሰዉ መጀመሪያ ተያየ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ልጁን የገረፈው አባት ግን አልሳቀም። ስብሰባው ሲበተን የልጁን እጅ ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣና አንድ መጽሐፍ እንድሰጠው ጠየቀ። ቀኑ ረቡዕ አልነበረም። ሰጠሁት፤ ሳላስር።

የአህያዋን መጽሐፍ ያገኘሁት በሚቀጥለው ሰኞ፣ ያን ረቡዕ ከወሰደው ልጅ እጅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የራሴን ቋጠሮ ፈታሁና ከሰዓት በኋላ ይዤው ወንዙን ተሻገርኩ። ልጅቷ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ትኩሳቱ ለቋታል። መጽሐፉን ስታይ እጇ ከእሷ ቀድሞ መጣ። አያቷ አጠገቧ ተቀመጡ። እሷ በአማርኛ ታነባለች፣ ቆም ትልና በበርታኛ ትነግራቸዋለች። ከሁለቱ ቅጠል አልጀመረችም። ከመጀመሪያው ነው የጀመረችው፣ አያቷ እንዲገባቸው። እየመሸ ስለነበር መጨረሻውን ሳልሰማ ተነሳሁ፤ የሁለቱ ድምፅ እየተቀባበለ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ ብቻዬን አወራሁ።

ከዚያ በኋላማ መጽሐፎቹ መኖር ጀመሩ። የማንጎ ጭማቂ ነካቸው፣ ጥግ ጥጋቸው ታጠፈ፣ የአንዱን ሽፋን ፍየል በላችው። ልጆቹ በር ላይ ሲሰለፉ ስለ ጅቡና ስለ ኮከቡ ይከራከራሉ፤ አማርኛውንም በርታኛውንም እየቀላቀሉ። አንድ ልጅ መጽሐፉን ሲመልስ ታሪኩን አባቴ አልወደደውም አለኝ። ለምን ስለው የጅቡ አስተሳሰብ የጅብ አይደለም ብሏል አለ። የአህያዋ መጽሐፍ ግን አልተመለሰም። ልጅቷን በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ አያቴ ገና አልጨረሰም ትላለች፣ አንደበቷ እንደሳቸው ሆኖ።

ሰኔ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ሊመጣ ነው ሲባል የድሮው እኔነቴ ተመለሰ። ጠዋት ማልጄ ገብቼ ንጹሕ ንጹሑን መጽሐፍ ከፊት ደረደርኩ፣ የተበሉትንና የታጠፉትን ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ኋላ ገፋሁ። ሳጥኑን እፈልገው ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ትሑት ሰው ነው፤ ግን ቅጽ አለው፣ ቅጹም ላይ «ጉዳት የደረሰባቸው» የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊት ያሉትን አይቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እስክሪብቶውን ሲያወጣ በሩ ጨለመ።

አያቷ ናቸው። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች። በአንድ እጃቸው የአህያዋን መጽሐፍ፣ በብብታቸው አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘዋል። ለእንግዳው ሰላምታ ሰጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ከዚህ በፊት እዚያ ቤት ያየሁት ፊት አልነበረም፤ ፊታቸው ወድቋል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አድርገው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡት። ከሥዕሉ ጥግ ላይ የሰሊጥ ዘይት ያረፈበት ትልቅ የጣት አሻራ አለ፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን ያሳልፋል።

«ልጁ አይደለም። እኔ ነው። ዶማ ሰበርኩ» አሉ። ዶሮዋንም መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጧት።

ሱፐርቫይዘሩ ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የዶማውን ነገር ስላላወቀ አልገባውም ነበር፤ የፈለግኩትን ብነግረው ያምነኝ ነበር። ሁለተኛው ሳጥን ዓይኔ ላይ ዞረ። ሴትዮዋን አየሁ። በስማቸው ላይ ያለውን ነገር ለማጽዳት አንድ ሰዓት ሙሉ ዶሮ ታቅፈው ተጉዘዋል፤ እኔ ደግሞ መጽሐፍ መደርደሪያ ሥር ደብቄያለሁ። ሁሉንም ነገርኩት። አደራ ማለቴን፣ ቋጠሮውን፣ የመንገዱን ንባብ፣ ዶማውን። ከታች የገፋኋቸውንም አውጥቼ ፊቱ ከመርኩለት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ሲያይ የእኔ ዓይን ከቅጹ አልተነቀለም።

ከዚያም እሳቸውን ምን ሆነው እንደነኩት ጠየቅኳቸው። ታሪኩ መጨረሻ ላይ አህያዋ ገበያው ትደርሳለች፤ በእርግጥም አህያ ምንም አይሸከምም፤ ከጥላ ሥር ተኝታ ያበቃል። ሥዕሉ ገበያውን ያሳያል፤ ማሽላው፣ ሸክላው፣ ጨውና ማንጎው ተቆልሏል። አያቷ መጨረሻውን ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም።

«አህያ ካልተሸከመ፣ ይሄን ሁሉ ዕቃ ማን አመጣው?» አሉ። «ልጁ ወጥ ሲሠራ፣ እኔ ዘይት ሳፈስ፣ ሳስብ ሳስብ ነበር። ሄድኩ፣ አየሁ፣ ፈለግኩ። እዚህ ነው።»

ጣታቸውን፣ አሁን ንጹሑን፣ ከአሻራው በላይ አደረጉ። ሱፐርቫይዘሩም እኔም ጎንበስ አልን። ከገበያው ጀርባ፣ ከዛፎቹ መሃል፣ ጥፍር የምታህል ሴት አለች። ትከሻዋ ላይ አግዳሚ ዘንግ፣ በዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ሸክም፤ እዚህ አገር ሴቶች እንደሚሸከሙት። መጽሐፉን እኔ ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ለእድፍ ስፈትሸው። እሷን አላየኋትም ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ቀና አለ። ከዚያ ቅጹን እንደሚገባው ሞላው፤ የተጎዱትን ቆጥሮ ጻፈ፣ ፍየል የበላችውንም ጨምሮ። ሁለተኛው ሳጥን ባምባሲ በኩል ላለ ትምህርት ቤት ሄደ። አናደደኝ፣ ሁለት ቀን ባሌን አኮረፍኩት፤ እሱ ምንም አላደረገም። ዶሮዋን መልሰው ይውሰዱ ብላቸው አያቷ እምቢ ስላሉ ጥበቃው ዘንድ ቀረች፤ እንቁላሏን እየበላን ነው። ሴትዮዋ ያን ዕለት ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ስለ ከዋክብት የሚያወራውን መጽሐፍ በልጅቷ ስም ተውሰው፣ ሳያስሩ፣ በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

የአህያዋ መጽሐፍ አሁን ሽፋኑ ላልቷል፤ ሁለት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ። አሻራው ግን አለ፤ ላጠፋው ሞክሬ አላውቅም። ልጆቹ እርስ በርስ ስለተነጋገሩ ሁሉም ያውቁታል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ አያነቡም መጀመሪያ፤ ጣታቸውን ዘይቱ ላይ ያደርጉና ሴትዮዋን ይፈልጓታል።